«ከሠርጌ በፊት አራት ጥርሶቼን ላስነቅል?»

ደብዳቤዋ አንድ ገጽ አይሞላም። የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለችና ይቅር። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ስለ ጥርሷ ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ እንዲያውም መጀመሪያ የወደደው ሳቋን እንደሆነ ነግሯታል። ነገሩ የመጣው ከወዲያ ነው። አንድ እሑድ እነሱ ቤት ቡና ተጠርታ ስትገባ፣ የልጁ እህት ከጎኗ ለተቀመጠችው ጓደኛዋ «ጥርሷ ቀድሟት ገባ!» ስትል ሰማች። በቃ! ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን ስቃ አታውቅም። አሁን ደግሞ የሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ ሐሳብ ሆኖባታል። እናም አንድ «ጥርስ የሚሠራ ሰው» አገኘች። አራቱን የላይኛውን የፊት ጥርሶቿን ነቅሎ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀጥ ያሉ ነጫጭ ጥርሶች ሊያስገባላት ተስማምተዋል። ቀብድ ከፍላለች። እኔን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያማል ወይ?»

እህቴ፣ ሲነቀልስ አያምም፤ መርፌ አለ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የሁለት ሳምንት ሳይሆን የአርባና የሃምሳ ዓመት ጣጣ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጥርስ ሲነቀል ተሸክሞት የነበረው አጥንት ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይመነምናል። የላይኛውን ከንፈርሽን ከውስጥ ደግፎ የያዘው ያ አጥንትና ያ ጥርስ ነው። የአራት ጥርስ ክፍት ቦታ በሰው ሠራሽ ጥርስ ሲደፈን፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ክራንቻዎች ተሞርደው ምሰሶ ይሆናሉ። አንዴ የተሞረደ የጥርስ ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም። ብሪጅ የሚሉት ይህ ድልድይም ቢሆን የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ 10 ወይም 15 ዓመት ካገለገለ ጥሩ ሠራ ይባላል። በ23 ዓመትሽ ከጀመርሽ በሕይወትሽ ስንት ጊዜ እንደምታስቀይሪው ቁጠሪው። በየቅያሬው ደግሞ ምሰሶዎቹ እየደከሙ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ባልተበላ፣ ባልተነቃነቀ፣ ደህና ጥርስ ላይ ነው! ጥፋቱ ወደፊት መውጣቱ ብቻ!

እኔ ተራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እሞላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሲቸግር እነቅላለሁ። የጥርስንና የመንጋጭላን አቀማመጥ ማስተካከል ግን ለብቻው ተጨማሪ ዓመታት የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ኦርቶዶንቲክስ ይባላል። (አንድ አጎቴ ስሙን ሲሰማ «ለኦርቶዶክስ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎኛል። ብዙም አልራቀ! ሁለቱም ቃላት የሚጀምሩት «ቀጥ ያለ፣ ትክክለኛ» በሚለው የግሪክ ቃል ነው። የዚህኛው ቀሪው ክፍል «ጥርስ» ማለት ነው።) በተማሪነቴ ከዚህ ትምህርት የቀሰምኩትን ዋና ዋና ነገር ግን ሐኪም ያልሆነም ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። በተለይ ታናሽ እህትና ወንድም ያለው፣ ወይም ነገ ወላጅ የሚሆን።

የመሶብ ክዳን

መስታወት ፊት ቁሙ። መንጋጋችሁን ገጥማችሁ ንከሱና ከንፈራችሁን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። የመሶብ ክዳን ሰፋ ብሎ ታችኛውን ዙሪያውን አቅፎ እንደሚገጥም ሁሉ፣ የላይኛው የጥርስ ረድፍ የታችኛውን ከውጭ በኩል አቅፎ መግጠም አለበት። ከፊት ሲታይ የላይኞቹ የታችኞቹን ሲሶ ያህል ይሸፍናሉ። ከጎን ሲታይ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀደም ይላሉ። ስለዚህ ትንሽ መቅደም ጉድለት ሳይሆን ልኩ ነው!

ክዳኑ በአንድ ጎን ወደ ውስጥ ከወደቀ፣ ማለትም የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ውስጥ ከዋለ፣ ልጁ ለማኘክ ሲል አገጩን ወደ አንድ ወገን ማንሸራተት ይለምዳል። ከኋላ ገጥሞ ከፊት ክፍተት ካለ ዳቦ ገምጦ መቁረጥ ያስቸግራል። የላይኞቹ የታችኞቹን ጨርሰው ከሸፈኑ ደግሞ የታችኞቹ ጫፍ ላንቃ እየነካ ሊያቆስል ይችላል። የጥርስ መደራረብም አለ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እንደ ከተማ አውቶቡስ ተሳፋሪ!

ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ ፈር ያስያዘው ኤድዋርድ አንግል የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው አከፋፈል ዛሬም የጥርስ ሕክምና ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚሸመድደው ነው። ዘዴው ቀላል ነው። የፊቱን ተወውና ወደ ኋላ ሂድ፤ በስድስት ዓመት የሚበቅለውን የመጀመሪያውን ቋሚ መንጋጋ ተመልከት ይላል። የላይኛው መንጋጋ የፊተኛው ጉብታ በታችኛው መንጋጋ የጎን ስርጉድ ላይ ልክ ካረፈ መንጋጋዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል ማለት ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ሌሎቹ ጥርሶች ከተጣመሙ ወይም ከተደራረቡ አንደኛ ክፍል ይባላል። የታችኛው መንጋጋ ከልኩ ወደ ኋላ ከቀረ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከልኩ ከቀደመ ሦስተኛ ክፍል፤ አገጩ የቀደመ ሰው የምንለው ማለት ነው። ይህ ሦስተኛው ከዘር ጋር ጠንካራ ዝምድና አለው። አውሮፓን ለዘመናት የገዛው የሃብስበርግ ቤተሰብ በዚህ አገጭ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1700 የሞተው የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ ምግብ በወጉ ማኘክ ይቸገር ነበር። ዘውድ አገጭን አያስተካክልም!

ወደ ገጣጣው ልመለስ። «ገጣጣ» ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ አንድ ነገር አይደለም። የአንዷ የላይ ጥርሶቿ ብቻ ወደፊት ዘመዋል። የሌላዋ ጥርሶች ደህና ሆነው የታችኛው መንጋጭላዋ አጥሮ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የወጣ የሚመስለው ጥርስ እንዲያውም በቦታው ነው። የሦስተኛዋ ላይኛውም ታችኛውም አንድ ላይ ወደፊት ወጥተው እርስ በርስ በደንብ ገጥመዋል። ሦስቱም በጎረቤት ዓይን «ገጣጣ» ናቸው። መፍትሔያቸው ግን የየቅል ነው፤ ለሦስቱም መንቀያ ይዞ የሚነሳ ሰው ካያችሁ ሽሹ።

ስለ ሦስተኛዋ ትንሽ ልጨምር። አንግል ስለ ፊት ውበት ሲጽፍ ቫቲካን የሚገኘውን የአፖሎ ሐውልት በምሳሌነት ይጠቅስ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የራጅ ልኬቶችም የነጭ አሜሪካውያንን ፊት ለክተው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ልክ ከሄድን ግማሽ አፍሪካ በሽተኛ ሊባል ነው! በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ጥርስም ከንፈርም ትንሽ ቀደም ማለቱ ጤነኛ ተፈጥሮ እንደሆነ የኋላ ጥናቶች አሳይተዋል። ከንፈርሽ ሳትታገይ የሚገጥም ከሆነ፣ በደንብ የምታኝኪ ከሆነ፣ ጥርስሽም ከተገጣጠመ፣ ሐኪም ከማየትሽ በፊት ያቺን የፊልም ተዋናይ ማየት ብትተዪ ይሻላል።

ወረፋ የሚይዝ ጥርስ

አሁን ወደ ልጆቹ እንሂድ። የዚህ ሕክምና ግማሹ ምስጢር ጊዜ ነውና።

የወተት ጥርስ 20 ነው። የመጀመሪያው በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ 3 ዓመት እስኪሞላ ሁሉም ይወጣሉ። 6 ዓመት አካባቢ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ከፊት የታችኞቹ ይነቃነቁና ይወልቃሉ፤ ጣሪያ ላይ ይወረወራሉ፤ ቤተሰብ ይስቃል። ከኋላ ደግሞ ማንም ሳያይ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ከወተት ጥርሶቹ መጨረሻ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። አንግል መለኪያ ያደረጋቸው እነዚህን ነው። እናት ግን ምንም ስላልወለቀ «ይህም የወተት ነው፤ ቢበላም ይተካል» ትላለች። አይተካም! ስንት የ12 ዓመት ልጅ ይህንኑ መንጋጋ ሥሩ ብቻ ቀርቶ ይዞልኝ መጥቷል መሰላችሁ።

በ7ና በ8 ዓመት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ይመጣሉ። ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ጎን ተከፍተዋል፣ መሃላቸው ክፍተት አለ። ቤተሰብ ይደነግጣል። በሙያው ይህን ወቅት የሚጠሩት በተረቷ አስቀያሚ ዳክዬ ስም ነው፤ ስታድግ የምታምረዋ። ክራንቻዎቹ ገና አጥንት ውስጥ ሆነው የጎረቤቶቻቸውን ሥር ስለሚገፉ ነው ጥርሶቹ የሚከፈቱት። በ11 እና በ12 ዓመት ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ያ ክፍተት ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠባል። ስለዚህ በ8 ዓመቷ ልጅ ፍንጭት ላይ ሽቦ ካልታሰረ ብላችሁ ሐኪም አታስጨንቁ። አስተዋይ ሐኪም ራጅ አንስቶ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስህተት በወተት መንጋጋ ላይ የሚፈጸመው ነው። የወተት መንጋጋ ቶሎ አይወልቅም፤ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያል። ሥራው ማኘክ ብቻ አይደለም። በታክሲ ሰልፍ ላይ ወረፋ እንደሚይዝላችሁ ጓደኛ፣ ከታቹ ለሚያድገው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ጓደኛችሁ ሰልፉን ጥሎ ከሄደ ምን ይሆናል? ከኋላ ያለው ይጠጋል! እዚህም እንዲሁ ነው። በ6 ዓመት የበቀለው ትልቁ መንጋጋ ከፊቱ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ወደፊት ይንሸራተታል። ባለተራው ጥርስ ሲመጣ ቦታው ተይዟል፤ ወይ ወደ ጎን ይወጣል፣ ወይ እዚያው አጥንት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። እንዲያውም የወተት መንጋጋዎች ከተተኪዎቻቸው ሰፋ ስለሚሉ በየጎኑ ትርፍ ቦታ ይተዋሉ፤ በታችኛው ረድፍ 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል። ኢምንት ትመስላለች። መደራረብ አለመደራረቡን የምትወስነው ግን አንዳንዴ እሷ ናት። የተበላ የወተት መንጋጋ ከተቻለ ይሞላል። የግድ ከተነቀለ ሐኪሙን «ቦታ ማቆያ አያስፈልገውም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከሽቦ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው።

የአገራችንን አንድ ልማድ ሳላነሳ አላልፍም። ግግ ማውጣት! ሕፃኑ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታይና «ይኸው ትሉ!» ተብሎ በስለት ወይም በሹል ነገር ይፈለፈላል። ትል የለም። የሚወጣው ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ሕፃኑ በደምና በቁስል መመረዝ ሊሞት ይችላል። ከተረፈም ከሥሩ የነበረው የቋሚው ጥርስ ፍሬ ተጎድቶ ጥርሱ ጠማማ ወይም የተበላሸ ሆኖ ይወጣል፤ ጨርሶም ሊቀር ይችላል። ወደ እስራኤል የተጓዙ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ አግኝተው ጽፈዋል፤ የወተት ክራንቻቸው የለም፣ ከጎኑ የበቀሉት ጥርሶችም ጉዳት አለባቸው። «ይህ የገጠር ነገር ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ አፍ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ጣት መጥባትስ? እስከ 4 ዓመት ድረስ አትጨነቁ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከመምጣታቸው በፊት ከተወው በጥርሶቹ መሃል የተፈጠረው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይዘጋል። በ8 ዓመቱም የሚጠባ ከሆነ ግን ጥርሱን ወደፊት እየገፋ፣ የላይኛውን መንጋጭላ እያጠበበ ነው። በርበሬና እሬት መቀባት፣ በሰው ፊት ማሳፈር ይቅርባችሁ፤ ያፈረ ልጅ ተደብቆ ይጠባል። አፉን ከፍቶ የሚያድርና የሚያንኮራፋ ልጅም ካለ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

እንግዲህ ጊዜ ያልኩት ይህን ነው። ፊት እኩል አያድግም። የላይኛው መንጋጭላ ቀድሞ ይጨርሳል፤ የታችኛው ዘግይቶ፣ በወንዶች እስከ አሥራዎቹ መጨረሻ ድረስ ያድጋል። ሴቶች 12 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች 14 ገደማ ቁመታቸው በድንገት ሲመዘዝ መንጋጭላውም አብሮ ይመዘዛል። የታችኛው መንጋጭላው ወደ ኋላ የቀረ ልጅ በዚያ ወቅት መንጋጭላውን ወደፊት የሚያስይዝ ተወላቂ መሣሪያ ቢደረግለት ዕድገቱ ራሱ ያግዘዋል። ጠባብ ላንቃም እንዲሁ ነው። መሃል ላይ ያለው የአጥንት ስፌት በልጅነት ገና ስላልጠነከረ በትንሽ ብሎን እየተገፋ ይሰፋል። 20 ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ሥራ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር አንድ ልጅ 7 ዓመት ሳያልፈው አንድ ጊዜ ይታይ የሚለው ለዚህ ነው። ሽቦ ይታሰርለት አላለም፤ ይታይ ነው ያለው። የላይ ጥርሱ በጣም የወጣ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ መሆኑም አይረሳ።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ ይሄዳል እንዴ?

«እኛስ? አለፈን?» የምትሉ የ20ዎቹ ሰዎች፣ አላለፋችሁም። መንጋጭላችሁ ማደጉን ያቆማል እንጂ ጥርሳችሁ መንቀሳቀሱን አያቆምም። በ40 እና በ50 ዓመታቸው የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ እንደ ሚስማር አጥንት ላይ አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ቀጭን የጅማት ሽፋን አለች። ሽቦው ጥርሱን በቀስታ ሲገፋ፣ በተጫነበት በኩል አጥንት በሊታ ሴሎች ይመጡና አጥንቱን ይቀንሱታል፤ በተለቀቀበት በኩል ደግሞ አጥንት ሠሪዎቹ አዲስ ይሠራሉ። ከፊት እየፈረሰ ከኋላ እየተገነባ ጥርሱ ይሄዳል፤ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል። «ጠበቅ አድርጉት፣ ቶሎ ይለቅ» አይሠራም። ኃይል ሲበዛ የዚያች ሽፋን ደም ሥር ታፍኖ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ጥርሱ ለሳምንታት ይቆማል፣ የሥሩም ጫፍ እየሟሟ ሊያጥር ይችላል። በዚህ ሙያ የሚያሸንፈው ቀስታ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ የተገኘው ኒኬልና ቲታኒየም ቅልቅል ብረት በ1970ዎቹ ጥርስ ማስተካከያ ውስጥ ሲገባ እንደ ተአምር የታየው። ቢያጣምሙት ወደ ቅርጹ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጥርሱን ለስለስ ባለ ኃይል ይዞት ይሄዳል።

ባለደብዳቤዋን ወደ ስፔሻሊስት ልኬያት ነበር። ራጅ ተነሳች፣ የጥርሷ ቅርጽ በጄሶ ተቀዳ። የላይኞቹ ጥርሶቿ ከታችኞቹ 9 ሚሊ ሜትር ቀድመዋል። መንጋጋዎቿ ሁለተኛ ክፍል ናቸው፤ የታችኛው መንጋጭላዋ ጥቂት አጭር ነው፣ የላይኞቹ ጥርሶች ደግሞ ዘመዋል። 23 ዓመቷ ስለሆነ ዕድገት አይጠበቅም። የተሰጣት ሐሳብ፦ ከክራንቻዎቹ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች፣ ከግራ አንድ ከቀኝ አንድ፣ ይነቀሉና የፊቶቹ ወደዚያ ቦታ ቀስ እያሉ ይሰብሰቡ። ሁለት ዓመት ገደማ።

ደወለችልኝ። ተቆጥታለች። «ያኛው አራት ይነቀል ሲል ከለከልከኝ፤ ይሄኛው ሁለት ይነቀል ሲል ትክክል ነው ትላለህ! ልዩነቱ ምንድነው?»

ጥያቄዋ የተማረ ጥያቄ ነው፤ የሙያው ሊቃውንት ራሳቸው ተጣልተውበታል። አንግል እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1930 እ.ኤ.አ.፣ «ተፈጥሮ የሰጠው ጥርስ ሁሉ ይግጠም እንጂ አይነቀል» ባይ ነበር። ገና በ1911 የእሱ ተከታዮችና ካልቪን ኬዝ የተባለ ባለሙያ በዚሁ ላይ በአደባባይ ተከራክረዋል። በኋላ የአንግል የገዛ ተማሪ ቻርልስ ትዊድ ሳይነቅል ያስተካከላቸው ሰዎች ጥርሳቸው ወደፊት ተገፍቶ ወይም ወደ ነበረበት ተመልሶ ሲያገኝ፣ መንጋጋ እየነቀለ እንደገና አከማቸው። ክርክሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ ግን አስተዋይ ሐኪም በሰው በሰው ይወስናል። ልዩነቱን እንዲህ አልኳት፦ የሁለቱ መንጋጋዎች ቦታ በገዛ ጥርስሽ ይዘጋል። ምሰሶ የሚሆን ጥርስ አይሞረድም። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይገባም። ከንፈርሽን የሚደግፈው ያንቺው ሥርና ያንቺው አጥንት ይሆናል። ደግሞ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው።

ዝም አለች። ቀጥላ «ሠርጉስ?» አለች። ሠርጉ ይቀድማል። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ከሠርግ በኋላ ቢጀመር ምን ይጎድለዋል? ስፔሻሊስቱም ያላት ይህንኑ ነው። ቀብዱ ግን አልተመለሰላትም። ሰውየው «ዕቃ ገዝቼበታለሁ» አለ አሉ። የወደፊት እህቷን ምላስ በተመለከተ በሕክምናው ዓለም የሚታወቅ ሽቦ የለም።

ቆሎ ክልክል ነው!

ለማስደረግ የቆረጣችሁ፣ መጀመሪያ «እርስዎ የዚህ ስፔሻሊስት ነዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው ነውር የለውም። ራጅ ሳያነሳ፣ የተበላውን ሳይሞላ፣ ድዳችሁን ሳያጸዳ ሽቦ ልሰር የሚል ካጋጠማችሁ ውጡ። ክፍያውን በየወሩ መሆን አለመሆኑን፣ የመጨረሻው ማቆያ ዋጋ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መሃል ላይ ገንዘብ አልቆባቸው ሽቦውን ይዘው የጠፉ ሰዎች አሉ፤ ማንም የማይከታተለው ሽቦ ጥርስን ወዳልታሰበበት ይወስዳል።

ከታሰረ በኋላ ሦስት አራት ቀን ያማል፤ ሾርባና ፍትፍት ብሉ። ከዚያ ወዲያ ቆሎ ደህና ሁን! ሸንኮራ አገዳ፣ ደረቅ ቋንጣ፣ አጥንት መጋጥ፣ በጥርስ ቆርኪ መክፈት... የለም። አንድ የቆሎ ፍሬ የተለጠፈችውን ብረት ካነሳቻት ሕክምናው ይጓተታል። መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ግን በሽቦው ዙሪያ አይደርስም፤ ብሩሽና የፍሎራይድ ሳሙና የግድ ነው። በትክክል የማይቦርሽ ሰው ሽቦው ሲወልቅ ቀጥ ያለ፣ ግን ነጭ ነጠብጣብ የጣለበት ጥርስ ይዞ ይቀራል።

ሌላው የሰሞኑ ፋሽን ነው። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቀሱ። አባቶቻችን ወርቅ ጥርስ አስገቡ። ለአሁኑ ወጣት ደግሞ ሽቦው ራሱ ጌጥ ሆኖለታል። ጥርሱ ደህና የሆነ ሰው ለጌጥ ብሎ ሽቦ ሲያስለጥፍ ጤነኛ ጥርሱን ወደ አልታወቀ አቅጣጫ እየገፋው ነው። በእስያ በተለይ በታይላንድ እንዲህ ያለው የውሸት ሽቦ በገበያ ሲሸጥ ጉዳት አድርሶ መንግሥት እስከ መከልከል ደርሷል።

ፍንጭታሞች ሆይ! እኛ አገር ፍንጭት ጌጥ ነው፤ ስንት ዘፋኝ ዘፍኖላችኋል። ደስ ካላላችሁ ይዘጋል፤ ግን በሐኪም ብቻ። ሁለቱን ጥርሶች በላስቲክ አስሮ መተኛት የሚባል «ዘዴ» ከሞባይል ላይ አይታችሁ የሞከራችሁ አትጠፉም። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አይታይም፤ ሥሩን ተከትሎ እየወጣ ጅማቱንና አጥንቱን ይበላዋል። ጤነኛ የፊት ጥርሶቻቸው በአንድ የላስቲክ ቀለበት የወለቁባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔት ላይ አሉ። አሁን አፉ ውስጥ ላስቲክ የጠፋበት ካለ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በመጨረሻ የምነግራችሁ ነገር ሰው ሁሉ የሚንቀው ነው። ሽቦው የሚወልቅበት ቀን ሥራው አላለቀም። የድድ ጅማቶች ጥርሱ የነበረበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ አዲሱን ለመልመድ ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ጥርሱን ወደ ድሮው ይጎትቱታል። ሪቴይነር የሚባለው ማቆያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ዓመት ሽቦ ታስሮ፣ ጥርሱ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ሄደና በስምንተኛው ወር ሁለቱ የታችኞቹ ተጣመው መጣ። ማቆያው የት እንዳለ ስጠይቀው «ውሻ በላው» አለኝ። ቀልድ አይደለም፤ ውሾች የምራቁን ሽታ ይወዱታል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ ሽቦ ታስሮ በማያውቅ ሰው እንኳ በዕድሜ ብዛት መጠጋጋታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ሌሊት ሌሊት ለረጅም ዓመታት አድርጉት ይላሉ። በቀዝቃዛ ውሃ በብሩሽ እጠቡት፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ስትበሉ አውልቃችሁ በሶፍት አትጠቅልሉት፤ አስተናጋጅ ጠርጎ ይጥለዋል። በማቀፊያው አድርጉና ውሻ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።